አንተ በሉኝ ያልኩ ዕለት

ሳል አለብኝ። የበሽታ አይደለም፣ አትደንግጡ። የአባወራ ሳል ነው።

ያኔ በጃንሆይ ጊዜ አንድ አባወራ ከሥራ ሲመለስ የገዛ ቤቱን በር አያንኳኳም ነበር። የሚያንኳኳ እንግዳ ነው። አባወራ ይስላል። አባቴ ይስል ነበር። አያቴማ ጎጃም ውስጥ ሲስል ከወንዝ ማዶ ያሉት ከብቶች ቀጥ ብለው ይቆሙ ነበር ይባላል፤ ይህን የሚለው ራሱ አያቴ ስለነበር እኔ ምስክር አልሆንም። እኔም ከተክለ ሃይማኖት ቁልቁል ካለው ቤቴ በር ስደርስ ቆም እልና «እህህም!» እላለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። ሁለቴ የሚስል አባወራ በራሱ የማይተማመን ነው።

ይቺን ሳል ስስል ውስጥ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ባለቤቴ ዘነበች ወንበሬን ታስተካክላለች። (አዎ፣ ጃንጥላ ነጋዴ ነኝ፣ ሚስቴም ዘነበች ትባላለች። የመርካቶ ደላላ ሁሉ ቀልዶበት የጨረሰው ስለሆነ እናንተ ባትደክሙ ይሻላል።) የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ትርንጎ የእጅ ውሃ ይዛ ትቆማለች። የስድስት ዓመቱ ሽመልስ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ቤቱ ጸጥ ይላል። እኔም መከበር ማለት ይሄ ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ስኖር ኖርኩ።

ጣጣው የመጣው በሐምሌ ነው። ሐምሌ ለጃንጥላ ነጋዴ ሠርጉ ነው። ሱቄ ሸማ ተራ ጀርባ ስለሆነ ዝናቡ ሲያስቸግር ገበያተኛው ሁሉ ወደኔ ይሮጣል፤ እኔም ከቆርቆሮው ጩኸት በላይ ስጮህ እውላለሁ። በሦስተኛው ቀን ድምፄ ተዘጋ። ትኩስ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጎረቤት ያዘዘው ሁሉ ተሞከረ፤ ወይ ፍንክች! በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሬ ላይ ደርሼ ልስል ብሞክር «ኽስ» የሚል እንደ ተነፈሰ ጎማ ያለ ነገር ወጣኝ።

ስለዚህ ማንም አልሰማኝም። እኔ ግን ሰማሁ።

ውስጥ ይሳቃል። እንዲህ ያለ ሳቅ በቤቴ ሰምቼ አላውቅም። የሽመልስን ሳቅ ለየሁት፤ ጩኸት ነው። የዘነበችንም ለየሁት፣ ባገባችኝ ሰሞን እንደዚያ ትስቅ ነበር። ሦስተኛውን ግን ማንነቱን አጣሁት። ከልብ የሚወጣ፣ መሐል ላይ ትንፋሽ አጥሮት ቆም የሚልና እንደገና የሚፈነዳ ሳቅ ነው። የጎረቤት ልጅ መጥታ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ዘነበች «ኧረ በማርያም ተይኝ ትርንጎ፣ ሆዴን አመመኝ!» አለች።

ልጄ ነበረች። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖረን የልጄን ሳቅ አላውቀውም። በዝናብ ላይ ቆሜ፣ ክንዴ ላይ ጃንጥላ ተንጠልጥሎ፣ ሳልከፍተው ረስቼ በሰበስኩ።

በሩን ስገፋው ሳቁ በመቀስ እንደተቆረጠ ክር ቀጥ አለ። ትርንጎ የኔን አሮጌ ጃንጥላ ከእጇ ጣል አድርጋ ወደ ውሃው ሮጠች።

«ምን ያስቃችኋል?» አልኩ በሹክሹክታ፤ ሌላ ድምፅ የለኝማ።

«ምንም፣ አባባ» አለች ትርንጎ መሬት መሬት እያየች።

ሰው ክብር አይጠላም፣ እኔም አልጠላሁም። ግን ያቺን ሳቅ እኔ ተቀምጬ ባለሁበት አንድ ቀን መስማት ፈለግሁ። ከዚያ ሌላ የፈለግሁት ነገር የለም። ጉዱ ሁሉ የመጣው ከዚህች ትንሽ ፍላጎት ነው።

በሰፈራችን አንድ ወጣት መምህር ነበር። ባሕር ማዶ አንድ ዓመት ቆይቶ የመጣ፣ ክራባቱን እሑድም የማይፈታ። ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም፤ ስለ ልጅ አስተዳደግ ግን የማያውቀው ነገር የለም። (ልጅ ያለው ሰው ስለ ልጅ ሲጠየቅ ዝም ብሎ ግንባሩን ነው የሚያሸው።) ጃንጥላ ሊገዛ ሱቄ ሲመጣ የሆዴን አጫወትኩት።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ልጆችዎ ምን ብለው ነው የሚጠሩዎት?»

«አባባ።»

«እሱን አይደለም። አንተ ነው የሚሉዎት ወይስ እርስዎ?»

«እርስዎ ነዋ! ይሄ ደግሞ ምን ጥያቄ አለው?»

ጃንጥላውን ከፈተው፣ ዘጋው። «ይኸው ነው በሽታው። በእርስዎና በልጆችዎ መካከል ግድግዳ አለ። ግድግዳው እርስዎ ነው።»

«እኔ?»

«እርስዎ አይደሉም። እርስዎ የሚለው ቃል ነው። በሠለጠነው አገር አባትና ልጅ አንተ ተባብለው ነው የሚኖሩት። አንተ ይበሉዎት፤ በሳምንቱ ጉልበትዎ ላይ ተቀምጠው ሲስቁ ያገኟቸዋል።»

ጉልበቴ ላይ! ጃንጥላውን በመርካቶ ታሪክ ባልታየ ቅናሽ ሰጠሁት።

ያኔ ልጆች አባታቸው በልቶ ሲነሳ ነው የሚበሉት። እኔ ግን ያን ዕለት ሁለቱንም ወደ ገበታው ጠራኋቸው። ጥፋት እንዳለበት ሰው ተጠጋግተው መጡ።

«ከዛሬ ጀምሮ» አልኩ እንደ አዋጅ ነጋሪ፣ «በዚህ ቤት እርስዎ የሚባለው ግድግዳ ፈርሷል። እኔን አንተ ትሉኛላችሁ። ገባችሁ?»

«እሺ አባባ፣ እንዳሉ» አለች ትርንጎ።

«እንዳሉ አይደለም! እንዳልክ!»

ሽመልስ ማልቀስ ጀመረ። «ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋህም! በፍቅር ነው!» ብዬ ገበታውን ስደበድበው ጨው ማስቀመጫው ተገለበጠ።

ዘነበች ጨውዋን እየለቀመች ቀና አለች። «እኔስ? አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እርስዎ እያልኩ ስኖር ግድግዳው አልታየዎትም ነበር?»

«አንቺ ሌላ ነሽ» አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። እሷም እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች።

አሁን ትርንጎ ያደረገችውን ስሙ። አንተ አላለችኝም፤ አይሆንላትም፣ ምላሷ እምቢ አላት። እርስዎም አላለችኝም፤ ተከልክሏል። አማርኛ ደግሞ ታውቁት የለ፤ «ና» ብትል፣ «ይምጡ» ብትል ግሡ ራሱ ያሳብቅብሃል። ልጄ ግን ማንም የሌለበት አማርኛ ፈጠረች። በማግሥቱ ስገባ፦

«እንዴት ተዋለ?» አለችኝ።

«ደህና…»

«ውሃው ሞቋል። እጅ መታጠብ ይቻላል። ራት ሲፈለግ ይቀርባል።»

ቤቴ ራዲዮ ጣቢያ ሆነ። ጫማዬ «ይወለቃል» እንጂ እኔ አላወልቀውም፤ ሻይ «ይጠጣል» እንጂ ጠጪ የለውም። አንድ ጊዜ ተሳስታ ሰው ያለበት ግስ ታመጣለች ብዬ በጥያቄ አጣደፍኳት።

«እኔ ዛሬ ምን መስዬሻለሁ?»

ትንሽ አሰበች። «ድካም ይታያል» አለችኝ።

ቀደም ሲል ቢያንስ እርስዎ ነበርኩ። አሁን ጭራሽ የለሁም።

ነጋዴ ነኝ፤ ዕቃ አልሄድ ሲል ምርቃት ይጨመርበታል። ከረሜላ ገዛሁ። አንድ አንተ፣ አንድ ከረሜላ። ሽመልስ ነገሩ ወዲያው ገባው። «አንተ፣ አንተ፣ አንተ፣ አንተ» እያለ ከክፍል ክፍል ይከተለኝ ጀመር። አንተነቴ የገባው መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ለካ እሱ የሚያየው ኪሴን ነው። ትርንጎ ደግሞ «ከረሜላ ጥርስ ያበላሻል ተብሏል» ብላ እጇን አልዘረጋችም። በሦስተኛው ቀን ከረሜላው አለቀ።

«የለም?» አለኝ ሽመልስ ኪሴን እየዳሰሰ።

«አልቋል።»

«እንግዲያው ደህና ይደሩ» ብሎኝ ሄደ።

ይደሩ! ሆድ ባሰኝ። ሆድ የባሰው ሰው ደግሞ የሚያደርገውን አያውቅም። ትርንጎን ጠራኋት። «በፍቅር አንተ በይኝ ብል፣ ብለምን፣ ከረሜላ ባመጣ አልሰማ አልሽ! ዛሬ አንተ ካላልሽኝ ቆዳሽን ነው የምገፈው!» ብዬ ቀበቶዬን መዘዝኩ። በአንድ እጄ ቀበቶውን፣ በአንድ እጄ የሚወልቀውን ሱሪዬን ይዤ፣ «በይ! ውደጂኝ!» የሚል ፊት ይዤ ቆምኩ።

«አንተ» አለች። ድምፅዋ አይሰማም፤ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል።

የጠየቅሁትን አገኘሁ። ቀበቶዬን መልሼ ስታጠቅ ዐይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው መርካቶን ሁሉ አዳረሰ። ቅዳሜ ቀን ነው፤ ዝናቡ ይወርዳል፤ ሱቄ ጢም ብሏል። የዕድራችን ዳኛ ባላምባራስ ትልቁን ባለ ሸምበቆ እጀታ ጃንጥላ ከፍተው እየሞከሩ ነው። ጎረቤቴ ሐጂ ሰይድ፣ የወሎ ሰው፣ የጨርቅ ነጋዴ፣ ከዝናቡ ሊጠለሉ መጥተው በሬ ላይ ቆመዋል። በዚህ መሐል ልጆቼ ምሳ ይዘው መጡ። ሽመልስ ቀደመ። በቤት ውስጥ አንዱ አንተ አንድ ከረሜላ ካመጣ፣ በሰው ፊት በጩኸት የሚባል አንተ ስንት እንደሚያመጣ አስቦ መጥቷል መሰለኝ፦

«አንተ!» አለ ከደጅ። «ምሳህን ብላ! ከረሜላ አለህ?»

አንድ ተሸካሚ ጆንያውን አወረደ፤ ሊያርፍ አይደለም፣ በደንብ ሊሰማ ነው።

«የማነው ይሄ?» አሉ ባላምባራስ ከጃንጥላው ሥር።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «የሰፈር ልጅ ነው» አልኩ።

ከኋላው ትርንጎ ገባች። እንደ ወትሮው አንገቷን ደፍታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ የምሳ ዕቃውን በሁለት እጇ ዘርግታ፣ እጅ ነሣችና «አባባ፣ ምሳ አምጥቼልሃለሁ» አለች።

«ይህችስ?»

ይህችኛዋን መካድ አልቻልኩም፤ አፍንጫዋ ቁርጥ የኔን ነው።

ባላምባራስ ጃንጥላውን ዘግተው፣ ሳይገዙ፣ በዝናብ ወጥተው ሄዱ። እስከ ማታ ወሬው ሰባተኛ ሰፈር ደረሰ፤ ልጆቹ እላዩ ላይ ወጡ፣ ቤቱ ፈረሰ ተባለ። ሰኞ ጠዋት ጆንያ ተሸካሚው ራሱ «አንተ ጋሼ፣ ዞር በልልኝ» አለኝ። በዚያ ተራ ከደላላ እስከ ሚዛን ያዥ አንቱ የተባልኩ ነጋዴ ነበርኩ። በገዛ አፌ አንተ የተባልኩ ነጋዴ ሆንኩ።

በሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባላምባራስና ሐጂ ሰይድ ሽማግሌ ሆነው ቤቴ መጡ። ነገር ለማብረድ ነው የመጡት፤ ከማን ጋር እንደተጣላሁ ግን የሚነግረኝ የለም።

«ተደፍረሃል» አሉ ባላምባራስ ተቀምጠው ሳይጨርሱ። «አባት ተደፍሮ ዝም ካለ ነገ ዕድሩም ይደፈራል። ልጅቱ ትጠራ።»

ሐጂ ግን ወደኔ ዘንበል አሉ። «ይህችን ልጅ አውቃታለሁ። እንዲህ ያለች ልጅ አይደለችም። እስቲ ንገረን ወንድሜ፣ የሆነ ነገር አለ?»

በሩ ይኸው ተከፈተልኝ። «ያዘዝኳት እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነው፤ ሦስት ቃል። ትርንጎ በጓዳው በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ባላምባራስ ይህን ቢሰሙ በዕድሩ ሁሉ ፊት መሳቂያ መሆኔ ታየኝ። ቀበቶው ታየኝ፣ ከረሜላው ታየኝ። ፈራሁ። «እህህም!» ብዬ ሳልኩና፣

«ልጆች ናቸው እንግዲህ» አልኩ።

ባላምባራስ ድንጋይ አስመጡ። ያለውን ሥርዓት ታውቃላችሁ፤ ያጠፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። ልጄ በር ማስደገፊያውን ድንጋይ በማጅራቷ ተሸክማ መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች። እኔ ባዘዝኳት ጥፋት።

«በል ይቅር በላት» አሉ ባላምባራስ።

«ይቅር ብያለሁ» አልኩ። እኔ! ይቅር ባይ እኔ! ትርንጎ ድንጋዩን አውርዳ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ጨርሳኝ ወደ ጓዳ ገባች።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ዘነበች አንድ ቃል ብቻ ተናገረች። «እርስዎ!» አለችኝ። በዚህ ቃል ውስጥ ይህን ያህል ስድብ መኖሩን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ከዚያ ወዲያ ያ ማንም የሌለበት አማርኛ እንኳ ቀረ። ውሃው ይመጣል፣ ራቱ ይቀርባል፤ ድምፅ የለም። ድምፄ ድኗል፣ መሳል እችላለሁ፤ ግን አልሳልኩም። ሳልስል በጣቴ እየተራመድኩ መጥቼ በሬ ላይ ቆሜ አዳምጣለሁ። ሳቁ እኔ በሌለሁበት ቢኖር እንኳ ይበቃኝ ነበር። የለም። አራት ቀን አዳመጥኩ፣ የለም። በገዛ ደጁ ጃንጥላ ዘርግቶ ጆሮውን በር ላይ የለጠፈ አባወራ ያየች ጎረቤቴ ካማተበች በኋላ ደህና ሁን ሳትል አለፈች። ልጄን ለማሳቅ ተነሥቼ የነበራትንም ሳቅ ገደልኩባት። ይሄ ሲገባኝ እዚያው አለቀስኩ፤ ደግነቱ ይዘንብ ነበር።

ሐጂ ሰይድ ሱቄ ድረስ መጥተው ጨርቅ የሚለኩበትን ሜትር በእጃቸው እያፍተለተሉ ቆዩ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ። «ያን ዕለት ድንጋዩን የተሸከመው ሰው ትክክለኛው ነበር?»

ሱቄን በቀን ዘጋሁ። በሐምሌ! በዝናብ!

ቤቴ ስደርስ ድንጋዩ እበሩ ሥር ተቀምጧል። ሳነሣው ከበደኝ። ይህን ነው ልጄ በማጅራቷ የተሸከመችው። እንደ ምንም ትከሻዬ ላይ አወጣሁትና ሳልስል ገባሁ። ልጆቼ ከወንበራቸው ተፈናጥረው ቆሙ። ሽመልስ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

«ቤት ሊሠሩ ነው?» አለ።

ትርንጎ ፊት ተንበረከክሁ። ለመርካቶ የሚበቃ አፍ ያለኝ ሰው ቃል አጣሁ። ጉሮሮዬን ልጠርግ ብል «እህ… ኽህ… እህም» አልኩ። ሁለቴ፣ ኧረ ሦስቴ።

«ትርንጎ፣ አንተ በይኝ ብዬ ያዘዝኩሽ እኔ ነኝ። የመታሁሽ ያህል ያስፈራራሁሽም እኔ ነኝ። ሽማግሌ ፊት ደግሞ ዝም አልኩ። ፈርቼ ነው። ሳቅሽን አንድ ቀን በር ላይ ሰምቼ፣ እኔም ባለሁበት እንድትስቂ ፈልጌ ነበር። ይቅር በይኝ ልጄ።»

ከዚያ ከግድግዳው «እንደሱ አይደለም!» የሚል ድምፅ መጣ።

«ምኑ ነው እንደሱ ያልሆነው?» አልኩ።

«ሳሉ!» አለ ሽመልስ። «ሳሉ እንደሱ አይደለም። ትርንጎ ናት የምትችለው! ሁልጊዜ እሷ ናት እርስዎን የምትሆነው!»

የትርንጎ ፊት አመድ መሰለ። አሮጌው ጃንጥላ፣ ያ ሁሉ ሳቅ፣ በመቀስ እንደተቆረጠው ክር፣ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ገባኝ። እኔ እኮ ነበርኩ የሚሳቅብኝ። እዚያ ቤት ውስጥ ሳልኖር ሁልጊዜ ነበርኩ።

«አሳዪኝ» አልኳት።

«እርስዎ ይቆጣሉ።»

እርስዎ አለችኝ! ከስንት ቀን በኋላ ሰው ያለበት ግስ!

«ድንጋይ ተሸክሜ ምን አቅም አለኝ ብለሽ ነው የምቆጣው?»

ተጠራጠረች። እናቷን አየች፤ ዘነበች በጓዳው በር ላይ ቆማ በነጠላዋ አፏን ይዛለች። ከዚያ ትርንጎ አሮጌውን ጃንጥላ አነሣችና ወደ ደጅ ወጣች። «እህህም!» አለ አንድ አባወራ ከደጅ። አንድ ጊዜ ብቻ። እምላችኋለሁ፣ ልነሣላት ቃጣኝ። ገባች፤ ሆዷን ቀድማ፣ ቅንድቧን ሰቅላ፣ ጃንጥላውን እንደ ዘንግ እየተመረኮዘች። ወንበሬን በጣቷ ነካ አድርጋ ጣቷን አየችና፣ «ይህን ወንበር ማነው ያንቀሳቀሰው?» አለች በኔው አፍንጫ። ማንም አላንቀሳቀሰውም። ሁልጊዜም ማንም አያንቀሳቅሰውም፤ እኔ ግን ሁልጊዜ እጠይቃለሁ።

ሳቄ መጣ። ከሆዴ መጣ፣ ትከሻዬን ነቀነቀው፣ ድንጋዩም ከትከሻዬ ተንከባሎ እግሬ ጣት ላይ ዐረፈ።

«ወይኔ እናቴን!» ብዬ ስጮህ ያቺ ሳቅ ፈነዳች። መሐል ላይ ትንፋሽ አጥሯት ቆም አለች፣ እንደገና ፈነዳች። ትርንጎ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋን እየጠረገች ጣቴን ታሽልኝ ጀመር።

«ድንጋዩን መጀመሪያ አያወርዱትም ነበር እንዴ? አባባ፣ ምን ዓይነት ሞኝ ነዎት!»

ሞኝ ነዎት። እንደዚያ ቀን ተከብሬ አላውቅም።

በማግሥቱ ባላምባራስ ዘንድ ሄጄ ያጠፋሁት እኔ መሆኔን እያነከስኩ ነገርኳቸው። ክረምቱ እስኪወጣ ሰላምታ ነሡኝ፤ ጃንጥላም ከሌላ ሰው ገዙ። ለመምህሩም እርስዎ ወደ ቤታችን መመለሱን ነገርኩት፤ አዘነልኝ፣ ክራባቱን እያስተካከለ።

እኔም ወደ ሳሌ ተመለስኩ። በሬ ላይ ስደርስ ቆም እልና «እህህም!» እላለሁ፣ አንዴ ብቻ። ከዚያ ሳልገባ ጥቂት እጠብቃለሁ፤ ከውስጥ «እህህም!» ብሎ ሌላ አባወራ እስኪመልስልኝ ድረስ።